የሀብት ቀዳዳ

ልጄ የተወለደች ዕለት አዋላጇ ነርስ አገላብጣ አየቻትና «ጆሮዋ ላይ እንዳንቺው ቀዳዳ አላት» አለችኝ። ደስ አለኝ። እኛ ቤት ከጆሮ ፊት ያለች፣ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ነጥብ የሀብት ምልክት ናት። አባዬ በሁለቱም ጆሮዎቹ አለችው። እኔ በግራዬ አለችኝ። እማዬ ለአራስ ጠያቂ ሁሉ «ይቺ ሀብታም ናት» እያለች የሕፃኗን ጆሮ ስታሳይ ሰነበተች።

አንገቷ ላይ ያለችውን ግን ማንም አላየም።

እኔ ያየኋት በሦስተኛ ወሯ ነው። ገላዋን አጥቤ ሳደራርቃት በቀኝ በኩል፣ ከደረቷ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ አንዲት ጠብታ አየሁ። ውሃ መስሎኝ ጠረግኳት። ትንሽ ቆይቼ ሳይ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ጠብታ ቁጭ ብላለች። መስኮት ጋ ወስጄ በብርሃን አየኋት። የስፒል ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ናት። እኔ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጥለት ላይ አንዲት ክር ከሳተች ከሩቅ አያታለሁ። ያን ቀን ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የሰው አንገት ላይ ቀዳዳ ምን ይሠራል?

ጠብታዋ ቀለም የላትም። እንደ ምራቅ ዝልግልግ ትላለች። ጡት ስትጠባ ትበዛለች። ሌሊት ትደርቅና ጠዋት ስስ ቅርፊት ሆና አገኛታለሁ። ለክትባት ስወስዳት አሳየሁ። «ሲያድጉ ይጠፋል» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም። እማዬ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ወሰደቻት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። አንዲት የሰፈራችን አሮጊት ደግሞ «ትተኮስ፤ እሳት ይዘጋዋል» አሉ። ይህን አንድ ነገር እንቢ አልኩ። ዛሬ ሳስበው ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ እንቢታዬ ነው። የሕፃን አንገት በጋለ ብረት አይነካም። ይህን የምታነብ እናት ካለች እባክሽ እህቴ፣ ማንም ቢመክርሽ አታስተኩሺያት።

ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት ጉንፋን ያዛት። በሦስተኛው ቀን አንገቷ የዶሮ እንቁላል ያህል አበጠ። ቀላ፣ ጋለ። ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ አዘንብላ ትይዘዋለች፤ ለመዋጥ ትሳቀቃለች። የወሰድናት ክሊኒክ ያበጠውን ቆርጠው መግሉን አወጡ፣ ሽሮፕ ሰጡን። በሳምንቱ ዳነ። በአራት ወሩ ተመልሶ መጣ። እንደገና ተቆረጠ።

ከዚያ ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ ያገኘነው ባለሙያ መርምሮ «ችግሩ ቀዳዳዋ ናት፤ እንዝጋት» አለ። በሁለት ስፌት ሰፋት። እኔም አመስግኜ ከፍዬ ወጣሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ትኩሳቷ 39 ተኩል ገባ። አንገቷ ከበፊቱ ይልቅ አበጠ።

የሱሪ ቀበቶ ገመድ የሚገባበትን ቱቦ አስቡት። የወገቡን ጨርቅ አጥፈህ ስትሰፋው ውስጡ ባዶ መተላለፊያ ይቀራል። አፉን ብትሰፋው መተላለፊያው የትም አይሄድም። እዚያው ነው። ልጄ አንገት ውስጥ ያለው ያ ነበር። አፉ ሲዘጋ ውስጡ የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫ አጣና መረቀዘ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ቱቦ የሰፋሁ ሰው ለምን ያኔ እንዳልገባኝ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥርጣሬ የእጢ ቲቢ ነው። አይፈረድባቸውም። እኛ አገር የልጅ አንገት አብጦ መግል ካወጣ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም እሱ ሆኖ ይገኛል። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። የቲቢ ጀርም የለም። በመጨረሻ ሪፈር ተጻፈልን፤ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል። ካርድ አውጥተን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ ከንጋት እስከ ቀትር ተቀምጠን ገባን።

ሐኪሟ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ቀዳዳዋን አዩ። ከቀዳዳዋ ወደ ላይ በጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱ። ቆዳዋ ሥር እንደ ቀጭን ገመድ የሚንከባለል ነገር አለ፤ የእኔንም ጣት ይዘው አስዳሰሱኝ። ከዚያ አንድ ቃል ተናገሩ።

«ፊስቱላ ነው።»

ደነገጥኩ። ለእኛ ፊስቱላ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ምጥ የጠናባት፣ ሽንቷን መቋጠር ያቃታት፣ ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል የምትታከም ምስኪን ሴት። ሕፃን ልጄን ምን አገናኛት? ሐኪሟ ፊቴን አይተው ገባቸው። «የኔ ልጅ፣ ፊስቱላ ማለት መገናኘት የሌለባቸውን ሁለት ቦታዎች የሚያገናኝ መተላለፊያ ነው። የት እንደሆነ ነው ስሙን የሚለየው» አሉኝ። የልጄ ብራንኪያል ፊስቱላ ይባላል። ብራንኪያ ማለት በግሪክ ዓሣ የሚተነፍስበት አካል ማለት ነው።

ዓሣ የመጣው እንዲህ ነው። ጽንስ አንድ ወር ሲሞላው ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ያኔ አንገቱ ላይ ተደራራቢ እጥፋቶች አሉት፤ በመካከላቸውም ጎድጓዳ መስመሮች። የዓሣን ጎን ይመስላሉ። ዓሣ ላይ መተንፈሻ ይሆናሉ። ሰው ላይ ደግሞ ከእነሱ መንጋጋ፣ የጆሮ አጥንት፣ ጉሮሮና የአንገት ሥጋ ይሠራል። ሁለተኛው እጥፋት ወደ ታች አድጎ ሦስተኛውንና አራተኛውን ይሸፍናቸዋል። ከሥሩ የሚቀረው ኪስ በሰባተኛው ሳምንት ገደማ መዘጋት አለበት። አንዳንዴ ሳይዘጋ ይቀራል። ኪሱ ብቻውን ከቀረ ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየውም ሰውየው ካደገ በኋላ ነው። ወደ ቆዳ አፍ ካለው ደግሞ እንደ ልጄ ያንጠባጥባል። የእሷ ውጪያዊ አፉ አንገቷ ላይ ነው። ውስጣዊ አፉ ቶንሲሏ ጋ ነው። አንገቷ ላይ የማየው ምራቅ የሚመስል ነገር ስትጠባ የሚበዛው ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ነው። ልጄን ዘወር አድርገው ጆሮዋን አዩ። ከዚያ የእኔን ጆሮ አዩ።

«ቤታችሁ ውስጥ ጆሮው የሚከብደው ሰው አለ?»

«አባቴ። ወታደር ነበር፤ መድፍ ነው ያደነቆረው።»

«እሱም ጆሮው ላይ ይቺ ቀዳዳ አለችው?»

ዝም አልኩ። ከዚያ «በሁለቱም» አልኩ።

«ኩላሊቱን የታመመ ዘመድስ?»

እስከዚያ ቀን አንገት፣ ጆሮና ኩላሊት ዝምድና እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ለካ ሦስቱም የሚሠሩበትን ሥራ የሚመራ፣ ከወላጅ የሚወረስ አንድ ዘረ መል (ጂን) አለ። እሱ ላይ ጉድለት ሲኖር ሦስቱም ቦታ ላይ ትንሽ ትንሽ ምልክት ይተዋል። ብራንኪዮ ኦቶ ሪናል ሲንድሮም ይባላል፤ ብራንኪዮ አንገቱ፣ ኦቶ ጆሮው፣ ሪናል ኩላሊቱ። ከ40,000 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። ካለበት አባት ወይም ካለባት እናት የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አንድ ቤት ውስጥ እንኳን ሁሉም ላይ እኩል አይወጣም። አባዬ ላይ ጆሮው፣ እኔ ላይ ይቺ ነጥብ ብቻ፣ ልጄ ላይ ሁሉም። እዚህ ላይ ሰው እንዳይደነግጥብኝ አንድ ነገር ልናገር። ጆሮ ፊት ያለችው ቀዳዳ እኛ አገር ብዙ ሰው ላይ አለች። ብቻዋን ስትሆን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ማለት አይደለችም። ከአንገት ቀዳዳ ጋር፣ ወይም ከመስማት ችግር ጋር ስትመጣ ነው ሐኪም ፊት መቅረብ ያለባት።

የመስማት ምርመራው ልጄን እንደ ጨዋታ ነው ያስደሰታት። ትልቅ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። ድምፅ በሰማች ቁጥር አንድ ቀለም ያለው እንጨት ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች። በግራ በኩል ቶሎ ቶሎ ጣለች። በቀኝ በኩል ሲሆን እንጨቱን ይዛ ትጠብቃለች። ትጠብቃለች። ድምፁ እንዳለ እኔ ከማሽኑ መብራት አያለሁ፤ እሷ ግን ትጠብቃለች።

ስጠራት የማትዞረው በጥጋብ መስሎኝ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። አንድ ቀን መትቻታለሁም። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ ቅርጫቱን ቤት እንውሰደው ትለኛለች።

አልትራሳውንዱ ግራ ኩላሊቷ ከቀኙ አነስ ያለ መሆኑን አሳየ። ደሟ ሲመረመር ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ ነው። በየዓመቱ ደምና የደም ግፊት ትለካለች፤ በቃ። ግን ሐኪሟ ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነገር ጻፉ። አማራጭ እስካለ ድረስ ጄንታማይሲን አይሰጣት። ይህ መርፌ የታወቀ የኢንፌክሽን መድኃኒት ነው፤ ብዙ ቦታ ይሰጣል። ነገር ግን ኩላሊትንም ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻም ያለ ሐኪም እንዳልሰጣት አስጠነቀቁኝ። ያ ሁሉ የመግል ጊዜ ማንም ይህን ሳያውቅ ምን ሊወጋት ይችል እንደነበር ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ለቀዶ ሕክምናው ሰባት ወር ጠበቅን። ከወረፋው ሌላ አንድ ምክንያት ነበረ፤ ቁስሉ ጨርሶ መድረቅ አለበት። በመረቀዘ አንገት ላይ ይህ ኦፕራሲዮን አይሠራም። ቱቦው ካበጠው ሥጋ ጋር ስለሚጣበቅ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ሳይነካካ በመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወጣ የመመለስ ዕድሉ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ቀድሞ የተመረቀዘ፣ የተቆረጠ ወይም የተሰፋ ከሆነ ግን እስከ 20 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የልጄ ሦስቱንም ሆኖ ነው የመጣው። ሐኪሟ ይህን ሳይደብቁ ነገሩኝ። ስላልደበቁኝ አመንኳቸው።

እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የተዋወቅኳቸውን እናቶች አልረሳም። አንዷ ከጎጃም የመጣች ናት። የወንድ ልጇ አንገት መሃል ላይ ክብ እብጠት አለ፤ ምላሱን ሲያወጣ ወደ ላይ ይወጣል። መንደሩ ሁሉ እንቅርት ነው ብሎ አዮዲን ያለው ጨው ግዢ ብሏታል። እንቅርት አልነበረም። የታይሮይድ ዕጢ ጽንሱ ውስጥ ከምላስ ሥር ተነስቶ ወደ አንገት የሚወርድበት መንገድ ሳይዘጋ ቀርቶ ነው። ከሐኪሟ ጋር የሚዞሩት ተማሪዎች ሲጠየቁ ሰማሁ። እብጠቱን ብቻ ማውጣት አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በ1920 እ.ኤ.አ. ሲስትራንክ የተባለ የአሜሪካ ሐኪም ከምላስ ሥር ያለችውን አጥንት መሃሏን አብሮ ማውጣት እንደሚያስፈልግ ጻፈ፤ እስከ ዛሬ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ከመቁረጥ በፊትም ትክክለኛው ታይሮይድ ቦታው ላይ መኖሩ በአልትራሳውንድ ይታያል። አንዳንዴ ያለው ታይሮይድ እብጠቱ ውስጥ ያለው ብቻ ሊሆን ይችላላ። ሌላዋ እናት የያዘችው ጨቅላ ደግሞ ግማሽ አንገቱን የሚሸፍን ለስላሳ እብጠት ነበረው። ሊምፍ የሚባሉት፣ ከሥጋ ውስጥ ፈሳሽ የሚሰበስቡ ቀጫጭን ቱቦዎች በትክክል ሳይገናኙ ቀርተው የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። እሱን አልቆረጡትም። ብሊዮማይሲን የሚባል፣ ለካንሰርም የሚሰጥ መድኃኒት ውስጡ እየወጉ እያሟሸሹት ነበር።

ሦስታችንም ቡና እየተጋበዝን ስንት ቀን አብረን ተቀመጥን። ሦስታችንም ቤት ውስጥ ያጠፋነው ነገር እንዳለ ስናስብ ኖረናል። እርጉዝ ሆነሽ ምን በላሽ፣ ምን አየሽ፣ ምን ነካሽ። አንዳችንም ምንም አላጠፋንም።

ኦፕራሲዮኑ ዕለት ማለዳ ልጄ ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። አሻንጉሊቷን ይዛ ገባች። ኦፕራሲዮኑ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። እኔ ከበሩ ፊት ቆሜ ነበር። ባለቤቴ ቁጭ በይ እያለ ሰለቸ።

የሠሩትን ሐኪሟ በኋላ ወረቀት ላይ ስለው አሳዩኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። መጀመሪያ በቀዳዳዋ ሰማያዊ ቀለም አስገቡ። አፏ ውስጥ ሲያዩ ቀለሙ ቶንሲሏ ጋ ወጣ፤ መንገዱ እስከ መጨረሻው ክፍት ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀዳዳዋን ዙሪያዋን እንደ ዓይን ቅርጽ ቆርጠው ቱቦውን ይዘው ወደ ላይ ተከተሉት። አንገቷን ከታች እስከ ላይ አልሰነጠቁም። ከፍ ብሎ ሁለተኛ ትንሽ ቁርጥ በአንገቷ ተፈጥሯዊ መስመር ላይ አድርገው፣ ቱቦውን በቆዳው ሥር አሳልፈው በዚያ አወጡት። እንደ ደረጃ። አስቸጋሪው ቦታ መሃል ላይ ነው። ቱቦው ወደ አንጎልና ወደ ፊት ደም የሚወስዱት ሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች መንታ በሚሆኑበት ቦታ በመካከላቸው ያልፋል። ምላስን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም እዚያው ነው። ድሮ የተሰፋበት ቦታ ላይ ጠባሳው አጣብቆት ስለነበር ብዙ ጊዜ የወሰደባቸው እዚያ ነው። ሰባት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቱቦ ወጣ። ቶንሲሏ ጋ ሲደርሱ አስረው ቆረጡት።

እኔ ይህን ስሰማ የእጃቸውን ጣቶች ነበር የማየው። ጥልፍ ላይ ስንት ዓመት የኖረ ሰው እጅ ያውቃል።

ከማደንዘዣው ስትነቃ ሲስተሯ «ሚጣ፣ ምላስሽን አሳዪኝ» አለቻት። ቀጥ አድርጋ አወጣች። «ሳቂልኝ» አለቻት። አልሳቀችም፤ ተናዳለች። አሻንጉሊቷን ስታይ ግን ሁለቱም የከንፈሯ ጫፎች እኩል ወደ ላይ ሄዱ። «ስምሽ ማነው?» ስትላት በሻከረ ድምፅ ተናገረች። ምላሱ፣ ከንፈሩ፣ ድምፁ፤ ሦስቱም ነርቮች ደህና ናቸው። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ከሲስተሯ ፊት አነበብኩት። አመሻሹ ላይ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ጠጣች። ስትጠጣ አንገቷ ላይ በፋሻው ዙሪያ ዓይኔን ተክዬ ጠበቅኩ። ምንም አልነበረም። ደረቅ ነው።

አሁን ሦስት ዓመት ሆኗል። አልተመለሰም። ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሏት፤ የላይኛዋ ከአንገቷ እጥፋት ጋር ተዋህዳ አትታይም። በቀኝ ጆሮዋ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። መምህሯ በግራ በኩል ሰው እንዲኖር አድርጋ ወደ ፊት አስቀምጣታለች። ማንበብ ላይ የቀደማት የለም።

አባዬን ማሳመን ከበደኝ። አርባ ዓመት መድፍ ነው ያለውን ሰው ሌላ ነገር ነው ብሎ መንገር ቀላል አይደለም። መጨረሻ ላይ የልጅ ልጁ እጁን ይዛ ወሰደችው። እሱም ማዳመጫ አደረገ። ኩላሊቶቹ ደህና ናቸው። ተመልሶ ቤት ሲገባ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ብዙ ዝም አለና «እኔ ነኝ ያወረስኳት?» አለኝ። «አባዬ፣ በእኔ በኩል ነው የሄደው፤ ያኔ አንተ ዘንድ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?» አልኩት። ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ልጄን ጠርቶ ጆሮዋ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

ባለፈው ወር ወንድ ልጅ ወለድኩ። ገና እምብርቱ ሳይደርቅ የስልኬን መብራት አብርቼ አንገቱን ዙሪያውን አየሁት። ቀዳዳ የለም። ግራ ጆሮው ላይ ግን ነጥቧ አለች። አዋላጇን ራሴ ጠርቼ አሳየኋት፤ የመስማት ምርመራና የኩላሊት አልትራሳውንድ እንዲጻፍለት ለመንኳት። እማዬ ለጠያቂ ጆሮውን እያሳየች ነው፤ አልከለከልኳትም። አልትራሳውንዱ ማክሰኞ ነው።